እናቴን ይዤ ወደ ቡርጎኝ የወይን አገር ልሄድ ነው፤ ለማይጠጣ ሰው ምን አለ?

የቀበና ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እናቴ እንቁጣጣሽን አዲስ አበባ ከእህቶቼ ጋር አሳልፋ በሳምንቱ ወደ እኛ ትመጣለች። በዚያው ሰሞን ለአራት ሌሊት ፈረንሳይ ወስደን ልናሳያት አስበናል። ፓሪስን ከዚህ ቀደም አይታዋለች፤ ሕዝቡና ደረጃው አድክሟት ነው የተመለሰችው። አሁን ገጠር ይሻላል ብለን ከባለቤቴ ጋር ስንመካከር ምርጫችን ቡርጎኝ ላይ ወደቀ፤ ዲዦንና ቦን የሚባሉት ከተሞች ያሉበትን የወይን ተረተር ማለቴ ነው።

ጭንቀቴ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ወይን ጠጅ ትወዳለች፤ ስለ ወይን ታነባለች፤ ይህን ጉዞ ለዓመታት ስትመኘው ኖራለች። እኔም በመጠኑ እጠጣለሁ። እናቴ ግን ከጠላና ከጠጅ ያለፈ ነገር ቀምሳ አታውቅም፤ እሱንም ቢሆን ዓመት በዓል ካልሆነ አትነካውም። ዕድሜዋ 71 ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ረቡዕና ዓርብን አጥብቃ ትጾማለች። ሁለታችን የወይን ጠጅ ጓዳ ለጓዳ እየዞርን ስንቀምስ እሷ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ የምትጠብቀን እንዳትሆን እፈራለሁ። እንዲያ ከሚሆን ባልሄድ ይሻለኛል።

እዚያ የከረመ ሰው ካለ ይንገረኝ። የት እንረፍ? የወይን ገበሬ ደጅ ሄዶ ማንኳኳት ይቻላል ወይስ ነውር ነው? በጾም ቀን ምን ትበላለች? ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእሷ የሚሆን ምን አለ?

ነርሷ ከብራሰልስ

ወንድሜ፣ የመጨረሻውን ጥያቄዎን አስቀድሜ ልመልስ። እናትዎ መኪና ውስጥ አይቀመጡም። ከሦስታችሁ ይበልጥ የሚያዩት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ይህን የምለው እኔም ባለፈው ዓመት ልክ በዚያው ሰሞን ለዘጠኝ ቀን እዚያ ስለነበርኩ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ጌዴኦ ውስጥ፣ ከይርጋጨፌ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ከሚያስኬድ ቀበሌ ነው። አባቴ ከግማሽ ሄክታር ብዙም የማይበልጥ የቡና ማሳ ነበረው። ወደ ቡርጎኝ የሄድኩት ስለ ወይን አንዳች ሳላውቅ ነው፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ክፍል ይዛ መሄድ ሳትችል ስትቀር ለእኔ ሰጠችኝ።

ያረፍኩት ቮልኔ በምትባል መንደር ነው። ከቦን በመኪና አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ዳገቱ ላይ ተለጥፋ የምትታይ ትንሽ የድንጋይ መንደር ናት። ቤቱ ፈረንሳዮች ሻምብር ዶት የሚሉት ዓይነት ነበር፤ ባለቤቶቹ በገዛ ቤታቸው ክፍል አከራይተው ቁርስ ያቀርባሉ። አከራዬ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው የወይን ገበሬ ናቸው። ሥራውን አሁን ለወንድ ልጃቸው ለቀውለታል፤ ማሳውን ግን በየማለዳው ሳያዩ አይውሉም።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አብሬያቸው ወጣሁ። ከደጃፋቸው ሃያ እርምጃ እንደሄድን ወይኑ ጀመረ። እኔ የጠበቅኩት እንደ ዳስ ከፍ ብሎ የሚያጠላ ሐረግ ነበር። የእነሱ ግንድ ግን ከጉልበቴ ብዙም አይበልጥም፤ አንዱ ከሌላው የሚራራቀውም አንድ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ሄክታር አሥር ሺህ ያህል ግንድ ይቆማል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ በክረምት በእጅ ይገረዛል። ሴትዮዋ እየሄዱ የማሳዎቹን ስም ይጠሩልኝ ጀመር፦ ካይሬ፣ ሻምፓን፣ ታይፒዬ። ታይፒዬ ማለት እግር የሚቆርጥ ማለት ነው አሉኝ፤ ድንጋዩ ሹል፣ ዳገቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ። ሁሉንም እንደ ልጆቻቸው ስም ነው የሚጠሯቸው።

ከዚያ አንድ ዝቅ ያለ የካብ አጥር ጋ ስንደርስ ቆሙ። በቀኝ እጃቸው ወደ ላይ፣ በግራ እጃቸው ወደ ታች እያመለከቱ የዚህኛውና የዚያኛው ወይን አንድ አይደለም አሉኝ። እኔ አየሁ፤ ልዩነት አላየሁም። ያው ቅጠል፣ ያው ጥቁር ዘለላ። በዚያ አገር ቀይ ወይን ጠጅ የሚጠመቀው በሙሉ ለማለት ይቻላል ፒኖ ኗር ከሚባል አንድ የወይን ዝርያ ብቻ ነው፤ ነጩ ደግሞ በአብዛኛው ከሻርዶኔ። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የወይኑ ዝርያ ሳይሆን የማሳው ስም ነው። ከዳገቱ ግርጌ ሜዳው ላይ አፈሩ ወፍራም ነው፤ ውኃ ይይዛል፤ ከዚያ የሚወጣው ተራ ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ አፈሩ ስስ ነው፤ ይበርዳል። ምርጡ ከዳገቱ ወገብ ይወጣል። እያንዳንዱ ባለስም ማሳ ክሊማ ይባላል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገቡ የተቆጠሩት 1,247 ናቸው። የዋጋው ልዩነት ለማመን ያስቸግራል። በመንገድ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ማሳዎች፣ የአንደኛው ጠርሙስ በሃያ ዩሮ፣ የሌላኛው በብዙ መቶ ዩሮ ይሸጣል።

እዚያ ካብ አጠገብ ቆሜ አባቴን አሰብኩ። ልጅ ሳለሁ እሸት ቡናውን ለቅመን ወደ መፈልፈያው እንወስድ ነበር። ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ገንዘቡ ይቆጠራል፤ ከዚያ የእኛ እሸት ከመቶ ጎረቤቶቻችን እሸት ጋር አንድ ላይ ይገለበጣል። ይርጋጨፌ ተብሎ ዓለምን የሚዞረው እሱ ነው፤ የኮራሁበትም ስም ነው። አባቴ ግን ከላይኛው ጥግ፣ ከእንሰቱ ሥር ያለው ኩሩሜ የሚባለው የቡና ዓይነት ከታችኛው፣ ወሊሾ ከሚባለው፣ እንደሚለይ ያውቅ ነበር። የላይኛውን ለብቻው አድርቆ ለቤት ያስቀምጠው ነበር፤ ለእንግዳም የሚፈላው እሱ ነበር። ያንን ልዩነት ከቤታችን ጀበና ውጭ የቀመሰው ሰው የለም። የላይኛው ጥግ ስም አልነበረውም፤ "ላይኛው" ነው የምንለው። ሴትዮዋን ይህን ሁሉ በሰባራ ፈረንሳይኛዬ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው፣ አባትሽ የወይን ገበሬ ነበር አሉኝ። እስከ ዛሬ ስለ አባቴ ከሰማሁት ምስጋና ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው እሱ ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድርም በ2023 እ.ኤ.አ. እዚያው መዝገብ ውስጥ እንደገባ ስነግራቸው ካርታ አምጥተው አሳዪኝ አሉ።

እናትዎ ገጠር የሚያውቁ ከሆነ ይህ ሁሉ ይገባቸዋል። በመኪና ማሳው ድረስ መድረስ ይቻላል፤ መንገዶቹ ጠባብ ቢሆኑም አስፋልት ናቸው። ጉልበታቸውን ሳያደክሙ ካቡ ላይ ተቀምጠው ማየት ይችላሉ።

ስለ ገበሬዎቹ ደጅ ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ። ሳይደውሉ አይሂዱ፤ በመከር ሰሞን ደግሞ ቢደውሉም የሚቀበልዎ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ጥቂት ሄክታር ይዘው ከቤተሰብ ጋር የሚሠሩ ናቸው፤ ወይኑ ሲደርስ ቀንና ሌሊት አይለይላቸውም። የመከሩ ቀንም በየዓመቱ ይለያያል። የቦን ከተማ የወይን ለቀማ ቀን ከ1354 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመዝግቦ ይገኛል፤ መዝገቡን ያጠኑ ሰዎች ከ1988 ወዲህ ለቀማው ከቀድሞው በአማካይ 13 ቀን ያህል ቀድሞ እንደሚጀመር አሳይተዋል። ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። አንዳንድ ዓመት ነሐሴ ሳይወጣ ይጀምራሉ። ስለዚህ እናንተ ስትደርሱ ለቀማው አልቆ ወይኑ በጋን ውስጥ ሲፈላ ልታገኙት ትችላላችሁ። ለእናትዎ ይህኛው ይሻላል እላለሁ።

ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። አንድ ማታ የሴትዮዋ ልጅ ወይኑ ወደሚፈላበት ቤት አስገባኝ። በሩን እንደከፈተ ሻማ ለኮሰ፤ ሻማውን ወደ ጉልበቱ ዝቅ አድርጎ ይዞ ቀስ እያለ ገባ፤ እኔን በእጁ ከኋላው አቆመኝ። ወይን ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። ሻማው ከጠፋ ወጥተን እንሮጣለን አለኝ። ግድግዳው ላይ አየሩን የሚለካ መሣሪያ ተሰቅሏል፤ እሱ ግን አያቱ ያስተማሩትን አልተወም። ሃያ ዓመት ሆስፒታል የሠራሁ ሰው ነኝ፤ የዚያን ልጅ ጥንቃቄ ሳይ ደስ አለኝ። ሻማው ሳይጠፋ ቆየ። ከዚያ ጆሮዬን ጋኑ ላይ እንዳስጠጋ ነገረኝ። ሽሽሽ የሚል ድምፅ፣ ልክ እናቴ ጥንስሱን በጨርቅ ከድና ጓዳ ስታስቀምጠው የምሰማው ነበር። ሽታውም ጠጅ ጠጅ ይላል። የወይኑ ፍሬ ቆዳ ወደ ላይ ተንሳፍፎ ወፍራም ክዳን ሠርቶ ነበር፤ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ በእንጨት ወደ ታች ይደፍቁታል። እናትዎ ይህን ቢያዩ ለገበሬው የሚነግሩት ብዙ ነገር ይኖራቸዋል፤ እኔ ስለ ጌሾ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል።

የቅሬታ ቃልም አለኝ። ቦን መሃል ከተማ ውስጥ አንድ ትልቅ ምድር ቤት ለቅምሻ ገብቼ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ሃያ ሰው አንድ ላይ እየነዱ በአርባ ደቂቃ ስምንት ብርጭቆ አስቀመሱን፤ የምንወጣበት በር ደግሞ በመደብሩ በኩል ነው። ማንም ስለ ማሳ አላወራም። ባለቤትዎ ያን ሁሉ ዓመት የተመኙት እንዲህ ያለውን አይመስለኝም። በእንግድነት ያረፋችሁበት ቤት ባለቤት ለጎረቤት ገበሬ ደውሎ ቢያስገባችሁ ይሻላል። መቅመስ ማለት መጠጣት ማለት እንዳልሆነም ይወቁ፤ መትፊያ ዕቃ ይቀርባል፤ መትፋት ነውር አይደለም፤ የሚነዳ ሰው ደግሞ ግዴታው ነው። በፈረንሳይ ሕግ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.5 ግራም አልኮል የተገኘበት አሽከርካሪ ይቀጣል። ከተለመደው በተቃራኒ፣ እዚያ አገር ብዙ ገበሬዎች ቀዩን ከነጩ በፊት ያስቀምሳሉ፤ ባለቤትዎ ግር እንዳይላቸው ነው።

ስለ ቦን የድሆች ሆስፒታል ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ግን ሥራ ልገባ ስለሆነ ማታ እመለስበታለሁ።

የሊዮን አብሳይ

እህታችን በደንብ ተናግራለች። እኔ የጾሙን ነገር ልያዝ፤ አሥራ አንድ ዓመት በዚህ አገር ወጥ ቤት የሠራሁ ስለሆነ።

ለጠያቂው በቀጥታ ልንገርህ፤ ረቡዕና ዓርብ እናትህን ምግብ ቤት ይዘሃት አትሂድ። የቡርጎኝ ወጥ ቤት ያለ ቅቤ፣ ያለ ክሬምና ያለ አሳማ ሥጋ አያውቅም። አትክልት ብቻ ብለህ ብታዝዝ እንኳ ድስቱ ውስጥ ቅቤ አለ። አስተናጋጁ የለም ብሎ ቢምልልህ አብሳዩ ሳያስብ ጣል አድርጎበት ይሆናል። እኔ ራሴ መጀመሪያ የገባሁበት ወጥ ቤት ጾሜን ሳላውቅ ስንት ጊዜ እንዳፈረስኩ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ማብሰያ ያለው ቤት ተከራይ።

ቦን ውስጥ ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ነው፤ ረቡዕ ጠዋትም አነስ ያለ ይቆማል። ቦታው ከአሮጌው ሆስፒታል ፊት ለፊት ስለሆነ ለእናትህ ቅርብ ነው። በዚያ ወቅት ቲማቲሙ፣ ቃሪያው፣ ዱባው፣ ፎሶሊያው ሁሉ ደርሷል፤ እንጉዳይም ታገኛለህ። ምስር የትኛውም ሱቅ አለ፤ በርበሬና ሽሮ ግን ከፍራንክፈርት ይዘህ ሂድ። ዳቦው አያሳስብህ። ትራዲሲዮን የሚባለው ባገት (ረጅሙ ዳቦ) በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ መሠረት ከዱቄት፣ ከውኃ፣ ከጨውና ከእርሾ ነው የሚሠራው፤ ወተትም ቅቤም የለበትም። ክሯሳን የሚባለው የቁርስ ዳቦ ግን ቅቤ ነው፤ እንዳታታልላት።

የዲዦን ሰናፍጭም የጾም ነው። ፍሬውን ፈጭተው በነጭ ወይን ጠጅ ወይም በሆምጣጤ ይለውሱታል፤ እናትህ ሰናፍጭ የምትበጠብጥ ከሆነ ወዲያው ትለምደዋለች። ፍሬው አብዛኛው ከካናዳ ነው የሚመጣው። በ2021 እዚያ ድርቅ ሲሆን፣ በ2022 ፈረንሳይ ውስጥ የሰናፍጭ መደርደሪያ ባዶውን ቀርቶ በሰው አንድ ጠርሙስ ብቻ የሚሸጥበት ሱቅ አይቻለሁ።

በፍስክ ቀን ደግሞ በወይን ጠጅ የተቀቀለውን የበሬ ሥጋ፣ ቤፍ ቡርጊኞን የሚሉትን አቅምሳት። ቁሌቱን በሽንኩርት ጀምሮ በዝግታ ሰዓታት የሚፈጅ ወጥ ነው፤ አልኮሉም በአብዛኛው ተኖ ይሄዳል። አሳማ ጣል ይደረግበታል፤ አስቀድመህ ንገራቸው፤ አለበለዚያ ቤት አብስለው። ሥጋውን የጭንና የጉንጭ እንጂ የጀርባ አትግዛ፤ የጀርባው እየደረቀ ይሄዳል። ከአካባቢው የመጣ አንድ ጠርሙስ ተራ ቀይ ወይን ድስቱ ውስጥ ገልብጥበት፤ ውድ አያስፈልግም፤ መጥፎ ግን አይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ሱቅም ሆነ ጓዳ ስትገቡ መጀመሪያ ቦንዡር በሉ። እኛ ቤት እንደምን ዋላችሁ ሳይባል ጉዳይ አይጀመርም፤ እነሱም እንዲሁ ናቸው። ይህን ሳይሉ ዋጋ የሚጠይቁ ሰዎች ፊት ሲነሱ አይቻለሁ።

ዲያቆኑ

በነርሷ ጽሑፍ ተመስጬ አነበብኩ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ምናልባትም ትንሽ ልከራከር። ሴትዮዋ የጠሯቸውን ማሳዎች መጀመሪያ ለይተው ያወቁት በአብዛኛው መነኮሳት ናቸው። ሲቶ የሚባለው ገዳም ከዲዦን በስተደቡብ ጫካና ረግረግ ውስጥ በ1098 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። መነኮሳቱ ለቅዳሴና ለእንግዳ ወይን ስለሚያስፈልጋቸው ዳገቱ ላይ መሬት ይዘው ተከሉ፤ ቀስ በቀስ በስጦታም በግዢም ሰብስበው ሃምሳ ሄክታር ያህሉን በግንብ አጠሩት። ክሎ ደ ቩዦ የሚባለው እሱ ነው፤ አጥሩ ዛሬም ቆሟል። ከውስጡ ያሉትን የእንጨት መጭመቂያዎች ሳያዩ እንዳትመለሱ። ከምሰሶ የወፈረ ግንድ አግድም ተኝቶ ወይኑን ይጨምቅ ነበር። እናትዎ ጉልበታቸው ቢያማቸውም ግቢው ሜዳ ነው።

ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ የገዳማቱ መሬት ተወርሶ ተሸጠ። ኋላ ደግሞ የናፖሊዮን ሕግ ርስት ለልጆች እኩል ይከፈል ስላለ ማሳው ተቆራርሶ ተቆራርሶ፣ ዛሬ ያ አንድ አጥር ውስጥ ወደ ሰማንያ የሚጠጉ ባለይዞታዎች አሉ። አንዳንዱ ያለው ጥቂት ረድፍ ብቻ ነው። ርስት ሲከፋፈል ምን እንደሚመጣ የእኛ ገበሬ ያውቀዋል፤ እዚያ የሚገርመው ማሳው ሲቆራረስ ስሙ አለመቆረሱ ነው።

በሲቶ ገዳም ዛሬም መነኮሳት አሉ፤ ወይን ግን አይተክሉም፤ ላም ያልባሉ፤ አይብ ይሠራሉ። እኔ የሄድኩት በጾም ቀን ስለነበር አይቡን አልቀመስኩትም፤ የማታ ጸሎታቸውን ግን ከኋላ ቆሜ ሰምቻለሁ። እናትዎ ከየትኛውም ጓዳ ይልቅ እዚያ ቢቆሙ ዕረፍት ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ።

እኛ ለቅዳሴ ዘቢቡን በውኃ ዘፍዝፈን ነው የምንጨምቀው፤ ወይኑ በአገራችን በየደብሩ ስለማይገኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያንን ሥራ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ትኩስ ዘለላ ከነግንዱ ያየሁት ግን ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ ቡርጎኝ ውስጥ ነው። አንዷን ፍሬ በጣቴ ስፈርጣት ጭማቂዋ ውኃ የመሰለ ነጭ ነበር። ጥቁር ፍሬ ነጭ ጭማቂ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ቅላቱ የሚመጣው ከቆዳው ነው። ስለዚህ ነርሷ እህቴ ታላላቆቹን ቦታዎች ትተው በመንደር ብቻ እንዲቆዩ የምትመክር ከሆነ በዚህ አልስማማም። የገዳማቱ ነገር ካልታየ የመንደሩ ነገር ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

ነርሷ ከብራሰልስ

ዲያቆን፣ ታላላቆቹን ተዉ አላልኩም፤ ግን ልክ ነህ፣ እኔ ክሎ ደ ቩዦን በመንገድ ሳልፍ ብቻ ነው ያየሁት። ቸኩዬ ነበር።

አሁን ወደ ቀረው ልመለስ። ኦቴል ዲዩ የሚሉት የቦን የድሆች ሆስፒታል በ1443 እ.ኤ.አ. ነው የተመሠረተው። የመቶ ዓመቱ ጦርነት አገሩን አራቁቶት ሕዝቡ ተርቦ ነበር። የቡርጎኙ መስፍን ዋና ሹም የነበረው ኒኮላ ሮላንና ሚስቱ ጊጎን ደ ሳላን አሠሩት። የመጀመሪያው በሽተኛ የገባው በ1452 የመጀመሪያ ቀን ነው፤ እስከ 1971 ድረስ በዚያው ቤት ሰው ይታከምበት ነበር። ጎብኚው ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሞ ባለቀለሙን የጣሪያ ሸክላ ፎቶ ያነሳል፤ ያምራል። እኔን ያቆመኝ ግን የድሆቹ አዳራሽ ነው። ረጅም ነው፤ ጣሪያው እንደ ተገለበጠ መርከብ ሆድ ነው፤ አልጋዎቹ በግራና በቀኝ ግድግዳ ተደርድረዋል፤ አልጋ ልብሱ ቀይ ነው። በየአልጋው ሁለት ሰው ይተኛ ነበር። ከአልጋዎቹ ጀርባ መተላለፊያ አለ፤ ሴት መነኮሳቱ በሽተኛውን ሳይረብሹ በዚያ በኩል ይንከባከቡት ነበር። እኛ ዛሬም በአዲሱ ሕንጻችን ያንን አላገኘነውም።

ወለሉን ዝቅ ብላችሁ እዩ። ሸክላው ላይ የባልና የሚስቱ የስም መጀመሪያ ፊደሎች አሉበት፤ ከኮከብ ጋር ደግሞ "ብቸኛዋ" የሚል ቃል ተጽፏል፤ ባል ለሚስቱ ያጻፈው ነው። ጊጎን ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ ሆስፒታሉ ገብታ ድሆችን እያስታመመች እዚያው በ1470 አረፈች። ይህን ሳነብ በአዳራሹ መሃል ቆሜ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ወይኑ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው ቢሉ፣ ሆስፒታሉ የሚተዳደረው ሰዎች በስጦታ በሰጡት የወይን ማሳ ነበር። የመጀመሪያው ስጦታ በ1457 መጣ፤ ዛሬ 60 ሄክታር ያህል አለው። ከ1859 ጀምሮ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኅዳር (ኖቬምበር) ሦስተኛ እሑድ ወይኑ በበርሜል በጨረታ ይሸጣል፤ ገንዘቡ ዛሬም ለከተማው ሆስፒታል ይውላል። ለእናትዎ ሲያስረዱ ለደብር እንደተሰጠ ርስት ነው ይበሏቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

የቀበና ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ማብሰያ ያለው ቤት ከቦን ወጣ ብሎ ይዘናል፤ ምድር ቤት ነው፤ ደረጃ የለውም። ሽሮውንና በርበሬውን እናቴ ራሷ ከአዲስ አበባ ታመጣለች። ሲቶንም በዝርዝራችን አስገብተናል።

እናቴን ትናንት በስልክ ስለ ሆስፒታሉ ነገርኳት። "ወይን ሸጠው ድሃ ያሳክማሉ?" ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ነርሷ እህቴ፣ አንድ ቀን ብቻ ቢኖረን፣ ጉልበቷም ብዙ ባይችል፣ እዚያ ግቢ ውስጥ የት ላስቀምጣት?

ነርሷ ከብራሰልስ

ክፍሎቹ በአብዛኛው ምድር ላይ ናቸው፤ ግቢው ግን የድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ ዱላዋን ታምጣ፤ ዝናብ ካለ ያንሸራትታል። ይቅርታ፣ እናትዎ የገዛ እናቴን መሰሉኝና "እሳቸው" ማለቱን ረሳሁ።

ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ግቡ። አዳራሹንና የመድኃኒት ቤቱን አሳዩአቸው፤ ከዚያ ሥዕሉ ወዳለበት ክፍል ውሰዷቸው። ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነው። ሥዕሉ የመጨረሻው ፍርድ ነው፤ የሣለው ሮጂር ቫን ደር ቬይደን ይባላል፤ በዘጠኝ ሰሌዳ ተከፍሎ ይከፈታል ይዘጋል። ድሮ የነበረው ከድሆቹ አዳራሽ ጫፍ በጸሎት ቤቱ ነው። በአዘቦት ቀን ተዘግቶ ይቆያል፤ በእሑድና በበዓል ሲከፈት በሽተኞቹ ካሉበት ያዩት ነበር።

መሃል ላይ የቆመው ቅዱስ ሚካኤል ነው፤ ነጭ ለብሶ ሚዛን ይዟል፤ ነፍስ ይመዝናል። የምግባሩ በኩል ወደ ላይ ቀልሎ፣ የኃጢአቱ በኩል ወደ ታች ተጭኗል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በደብራችን ግድግዳ ላይ የማውቀው ሚዛን የበላዔ ሰብእ ነው፤ እመቤታችን ጥላዋን ጣል አድርጋ የምታድነው። እዚያ ግን ጥላ የሚጥል የለም፤ የሚገፋና የሚጎትት ሰይጣንም አልተሣለም፤ ኃጥአኑ በራሳቸው እግር ነው ወደ እሳቱ የሚሄዱት። ይህንን ያስተዋልኩት ለረጅም ጊዜ ከቆምኩ በኋላ ነው።

እናትዎን ከሚዛኑ ፊት ያስቀምጧቸው። ክፍሉ ውስጥ መቀመጫ ከሌለ ጠባቂዋን በትሕትና ይጠይቋት፤ ለእኔ ወንበር አምጥታልኛለች። እናንተ ሁለታችሁ ወጥታችሁ ቅመሱ። ስትመለሱ ያዩትን ይጠይቋቸውና፣ ከፈቀዱ፣ ያሉትን እዚህ ጻፉልኝ።